ገጽ ሁለት ላይ የቀረው ስም

እኔና ባለቤቴ አየነው አብረን የሠራነው የመጨረሻ ሥራ ወረቀት ማስጣት ነው። ሞጣ ላይ በሚያዝያ አጋማሽ ሳይታሰብ የጣለው ዝናብ በጓዳው ጣሪያ ሰርጎ የድሮ ማመልከቻዎቻችን ቅጂ የተቀመጠበትን ካርቶን አረጠበው። በማግሥቱ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ በርበሬ የምናሰጣበትን ሸራ ግቢው ውስጥ ዘረጋንና አንድ በአንድ እያላቀቅን ደረደርናቸው። ነፋስ እንዳይወስዳቸው እሱ ከአጥሩ ሥር ጠጠር ይለቅማል፣ እኔ በየወረቀቱ ላይ አስቀምጣለሁ። የጎረቤት ዶሮ መጥታ አንዱን ረገጠችው።

«ይቺ ደግሞ ፊርማዋን ጨመረች» አለ።

ወረቀቱ እየደረቀ ሲሄድ ጠርዙ ይጠቀለላል። አየነው ጎንበስ እያለ ያቃናና ያነባል፤ ባለጉዳዩ ማን እንደነበር፣ ከየት እንደመጣ፣ መልስ አግኝቶ እንደሆነ ይነግረኛል። ከዚያ አንዱ ላይ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሁለት ገጽ ነው፤ ስፒሉ ዝጎ ጥጉን ቡናማ አድርጎታል። ምን እንደሆነ ከአቋቋሙ አወቅሁ። ከሁሉም የሚበልጥ ድንጋይ አምጥቶ በራሱ እጅ አስቀመጠበት።

«ጥሩዬ፣ እማሆይ በግንቦት ሲመጡ ንገሪያቸው» አለኝ።

«አንተ እያለህ፣ ጋሼ?»

«እኔማ እኔ ነኝ ያጠፋሁት እያልኩ ኖርኩ፤ አንቺ ለምነሽኝ። አሁን አንቺ ነሽ የምትነግሪያቸው።»

ወረቀቱን ሰበሰብን፣ ምሳችንን በላን። በአራተኛው ቀን ጠዋት ጫማውን እያሰረ ሳለ ደረቱን ያዘ፤ ሐኪም ቤት ሳንደርስ ዐረፈ።

ዕድሜዬን ሙሉ የጻፍኩት የሌላ ሰው ጉዳይ ነው። የራሴን ልጻፍ ብዬ ስቀመጥ እጄ ይከብደኛል፤ በቀን ግማሽ ገጽ ከሆነልኝ ደግ ነው። ቢሆንም ሥራችን ምን ይመስል እንደነበር የሚያውቅ ሰው እያለቀ ነው፤ ከሁለታችን ደግሞ የቀረሁት እኔ ነኝ።

ቢቸና በመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ሆኜ ስቀጠር ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ደብረ ማርቆስ ስድስት ወር ታይፕ ተምሬ ነው የተመደብኩት። የአማርኛ ታይፕ ለማያውቀው ሰው ቀላል ይመስላል። ፊደሉ ከተመታ በኋላ ግን እግሩ ወይም ቀለበቱ ለብቻው ይቀጠላል፤ እጅ ትንሽ ከሳተ «ሁ» የነበረው «ሂ» ይሆንና የሰው ነገር ይበላሻል። ከሥሩ ሁለት ካርቦን ሲገባ ደግሞ ጣት እንደ መዶሻ ካልወረደ ሦስተኛው ቅጂ ባዶ ይወጣል። አለቃዬ ረጅም፣ ቀጭን ሰው ነበሩ። የጨረስኩትን ወረቀት ወደ መስኮቱ አንሥተው በብርሃን ያዩታል። ሦስት ስሕተት ካገኙ ሳይቆጡ ይቀድዱትና ቁራጮቹን መልሰው እጄ ላይ ያስቀምጧቸዋል። ደመወዙ ትንሽ ነበር፤ ስለ እሱ የምለው የለኝም። ለጣቶቼ ግን እሳቸውን አመሰግናለሁ።

ከመሥሪያ ቤቱ በር ፊት ለፊት አምስት ስድስት ማመልከቻ ጸሐፊዎች በቆርቆሮ ዳስ ሥር ተደርድረው ይቀመጡ ነበር። እነሱ በእጅ የጻፉትን ባለጉዳዩ ይዞ ይገባል፣ መዝገብ ቤት ያልፋል፣ የሚባዛው ወደ እኔ ይመጣል። ከሚመጡት መካከል አንዳንዶቹ ይለዩብኝ ጀመር። የሌሎቹን ሦስት ጊዜ አንብቤ ሰውየው ምን እንደሚፈልግ አላገኘውም። የእነዚህ ግን ጉዳያቸው የመጀመሪያው መስመር ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል። ከሥር በትንንሽ ፊደል «ጸሐፊው አየነው» ይላል። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት፣ ይህ ሰው ምን ዓይነት ነው ብዬ ልየው ወጣሁ።

ኮቱ ክርኑ ላይ የተጣፈ፣ ጥፍሩ ግን እንደ ሐኪም የጸዳ ሰው ነበር። ወረቀት ከመንካቱ በፊት ከእግሩ ሥር ባለች ጣሳ እጁን ይታጠባል። ባለጉዳይ ሲመጣለት እስክሪብቶውን ይከድንና ኪሱ ይከታል።

«ሰው እስክሪብቶ ሲያይ ዳኛ ፊት እንዳለ ሆኖ ይናገራል» አለኝ በኋላ ስጠይቀው። «እኔ የምፈልገው ለሚስቱ እንደሚያወራ እንዲያወራኝ ነው።»

መጀመሪያ ሳያቋርጥ ይሰማል። ቀጥሎ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቃል፦ ደብዳቤውን የሚያነቡት ሰው አንብበው ሲጨርሱ ምን እንዲያደርጉልዎ ነው የሚፈልጉት? ባለጉዳዩ ይህን መመለስ ካልቻለ አይጽፍለትም፤ ቤትዎ ሄደው አስበው ይምጡ ይለዋል። ጽፎ ሲጨርስ ደግሞ ቀስ ብሎ ያነብለታል፤ ሲያነብ ዐይኑ ከወረቀቱ ይልቅ ከሰውየው ፊት ላይ ነው። ባለጉዳዩ «አዎ፣ አዎ» እያለ ከቸኮለ አንድ ነገር ተሳስቷል ማለት ነው፤ እንደገና ይጀምራል። ዝም ካለ ደህና ነው።

አንድ ጊዜ ከሮብ ገበያ በኩል የመጣ ገበሬ ውኃዬን ጠለፈብኝ ብሎ ጎረቤቱን ሊከስ ተቀምጦ ነበር። ንግግሩ ረጅም ነው፤ የጎረቤቱን አያት ሌብነት ሳይቀር ቆጥሯል። አየነው ሁሉንም ሰምቶ በስምንት መስመር ጻፈና አነበበለት። ገበሬው አምስተኛው መስመር ላይ አንገቱን ደፋ። ከዚያ «እሷን አውጣት፤ እሷስ እውነት አይደለችም» አለ። እሷ ከወጣች ክስ አይኖርም። ሰውየው ዱላውን አንሥቶ ከት ብሎ ሳቀና ወደ አገሩ ተመለሰ። አየነው ወረቀቱን ከቅጂው ጋር ቀዶ ጣለው። ገንዘብ አልተቀበለም።

በዐሥር ዓመት ስለሚበልጠኝ ጋሼ አልኩት፤ ከተጋባን በኋላም አልለቀቀኝም። ግማሽ ቀን የመንግሥት ሥራዬን እሠራለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ዳሱ ውስጥ ከጎኑ እቀመጣለሁ። ሙያውን ያስተማረኝ በአንድ ሰማያዊ ደብተር ነው። ደብረ ማርቆስ ተማሪ ሳለ አንድ የውጭ አገር መምህር ወደ አገሩ ሲመለስ ጥቂት የተባዙ ደብዳቤዎች ትቶለት ነበር። የጥንት ደብዳቤዎች ናቸው። አሜሪካ ከንጉሥ አገዛዝ በጦርነት ስትወጣ ጦሩን ለመራው፣ በኋላም የመጀመሪያው የአገሪቱ መሪ ለሆነው ጄኔራል ከየሰዉ የተጻፉ። አየነው ጥቂቶቹን ቃል በቃል እየፈታ ወደ አማርኛ መልሷቸዋል።

የቆሰለ ወታደር አለ፣ ባሏ የሞተባት ሴት አለች፣ ሹመት የሚፈልግ ነጋዴ አለ። አየነው ስለ ጄኔራሉ ጀግንነት ብዙም ግድ አልነበረውም፤ የሚያስደንቁት ጸሐፊዎቹ ነበሩ። «እይ፣ ጥሩዬ» ይለኛል፤ «እነዚህ ሰዎች መጻፍ የለመዱት ለንጉሥ ነው። ሰውየው ንጉሥ አይደለም። ንጉሥ ላልሆነ መሪ እንዴት እንደሚጻፍ ማንም አላስተማራቸውም፤ እየጻፉ ነው የተማሩት። እኛስ ከዚያ በምን እንለያለን?» እውነቱን ነበር። ዳሳችን የሚመጣው ሽማግሌ ለጃንሆይ እንደሚጻፍ አድርጋችሁ ጻፉልኝ ይላል፤ ወረቀቱ የሚሄደው ደግሞ ለአንድ ባለኮከብ መኮንን ነው።

ሌላም ነገር አሳይቶኛል። ሹመት ፈላጊው ነጋዴ ግማሽ ገጽ ሙሉ ያመሰግናል። ቆስሎ የቀረው ወታደር ግን ቶሎ ይናገራል። «ምስጋናው የሚረዝመው ጉዳዩ ሲያጥር ነው» አለኝ። ሰማሁት፣ ጻፍኩትም። ገብቶኛል ብዬ አስቤ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። አባቴ የቅኔ መምህር ነበሩ። ቤታችን ውስጥ አንድ ትልቅ ሰው በሚገባው ልክ ሳይወደስ ነገር ማንሣት ነውር ነው። ለአንድ ሹም ከምስጋና በፊት ጥያቄ ማስቀደም፣ ጫማ ሳያወልቁ ቤተ ክርስቲያን እንደመግባት ያለ ነገር ነበር የሚመስለኝ። አየነው በየማመልከቻው ራስ ላይ «ጉዳዩ» ብሎ ሲጀምር በልቤ ትንሽ ደረቅ ሰው ነው እል ነበር።

የአየነው አባት ታመው ሞጣ ሄደና ሁለት ሳምንት ቆየ፤ ቀብረዋቸው ነው የተመለሰው። ዳሱን ለእኔ ተወልኝ። ያን ጊዜ በአካባቢው ጦሩንም አስተዳደሩንም በአንድ እጅ የያዘ ሻለቃ ነበር። ልጆች ለውትድርና ይሰበሰባሉ። በሁለተኛው ቀን ከደብረ ወርቅ በኩል አንዲት ሴት መጣች፤ የዛሬዋ እማሆይ የሺ ናቸው። ባላቸው ሞቷል፣ ያላቸው አንድ ወንድ ልጅ ብቻ ነው፣ ልጅዓለም ይባላል። ተይዞ ቢቸና ግቢ ውስጥ መኪና ይጠብቃል። ብቸኛ ልጅ ያላት እናት ለሻለቃው ካመለከተች አንዳንድ ጊዜ እንደሚለቅላት ሰምተዋል።

ጻፍኩላቸው። እስክሪብቶዬን ኪሴ አልከተትኩም። ስማቸውንና የልጁን ስም ጠይቄ ጀመርኩ። የሻለቃውን ጽናት፣ ለድሃ ያለውን ርኅራኄ፣ ስሙ በጎጃም ተራሮች ላይ እንዴት እንደሚነገር፤ አንዱ ሐረግ ሌላውን እየጠራ መጣ። ዙሪያውን የቆመው ሰው ስጽፍ በትከሻዬ በኩል እያየ ለራሱ ያነባል። «እጅሽ ይባረክ» ይላል አንዱ። «የአባቷ ልጅ» ይላል ሌላው። ደስ አለኝ። «ጉዳዩ» የሚለውን መስመር ተውኩት፤ እንዲህ ባለ ጽሑፍ ራስ ላይ እንደ ኪንታሮት ታየኝ። የመጀመሪያው ገጽ በምስጋና ሞላ። ልጅዓለም የተነሣው ገጽ ሁለት ላይ ነው፤ የእናቱ ስምና የአውራ ጣት አሻራም እዚያው። ወረፋ ስለነበር አንብቤ አላሰማኋቸውም።

ሴትዮዋ ቀን ቀን ከሻለቃው ቢሮ ግድግዳ ሥር፣ ማስታወቂያ ሰሌዳው ጥላ ላይ እየተቀመጡ መልስ ጠበቁ። በሳምንቱ ቅዳሜ፣ ከሰዓት በኋላ ዳሱ መጡ።

«አንቺ ልጅ» አሉኝ፤ «አንዱ ሰው ለሻለቃው እንዴት ያለ ሙገሳ ጽፎ ሰሌዳ ላይ ሰቅለውለታል መሰለሽ። ሰዉ ቆሞ እያነበበ ሲያደንቅ ሰማሁ። የኔም እንደዚያ ሆኖ ቢሆን መልስ ይመጣልኝ ነበር።»

እዚያው ተውኳቸውና ሄድኩ። ሰሌዳው ላይ የእኔ ጽሑፍ ነበር፤ ገጽ አንድ። ከላዩ በቀይ «ከሕዝብ የቀረበ ምስጋና» ተብሎበታል። ደብዳቤውን የተቀበለው ሰው የመጀመሪያውን ገጽ አይቶ የምስጋና ደብዳቤ ነው ብሎ መዝግቦት ነው፤ ሁለተኛውን የት እንዳደረገው እስከ ዛሬ አላውቅም። በዚያ ሰው ልፈርድ አልችልም። እኔ በእሱ ቦታ ብሆን የማደርገው ይኼንኑ ነበር።

ቅዳሜ ስለሆነ ቢሮው በምሳ ሰዓት ተዘግቷል። እሑድ ሙሉ ቀን ነበረኝ። ሻለቃው የሚኖርበትን ቤት አውቀዋለሁ፤ ከገበያው በላይ፣ አረንጓዴ በር ያለው ነው። እሑድ ሰዎች ደጁ ይቆሙ እንደነበር፣ እሱም አንዳንዴ ወጥቶ እንደሚያናግር አውቃለሁ። ቅጂውን ይዤ ሁለት ጊዜ ከቤቴ ወጣሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ተመለስኩ። ምን ብዬ? ያ ሁሉ ሰው ያደነቀው ጽሑፍ ከንቱ ነበር ልበል? ለሴትዮዋስ በየቀኑ ሥሩ የተቀመጡበት የራስዎ ወረቀት ነው ልበላቸው? ሰኞ እሄዳለሁ አልኩ። ሰኞ ቢሮ ሳይከፈት መኪኖቹ ተነሡ። ልጅዓለም ከላይ ሆኖ እጁን ሲያውለበልብ እናቱ አይተውታል።

አየነው ማክሰኞ ከሐዘን ቤት ተመለሰ፤ ልብሱ ገና ጥቁር ነው። ሁሉንም ነገርኩት፣ እሑድንም። አልጮኸብኝም። ቅጂውን ሁለት ጊዜ አነበበ። «ደህና ጽሑፍ ነው» አለ፤ ያ ቃሉ ከዱላ ይልቅ አመመኝ። ከዚያ እጁን ታጥቦ ሦስት መስመር ጻፈ፤ የመጀመሪያው መስመር የልጁ ስም ነው። ሴትዮዋን ይዞ ሻለቃው ዘንድ ገባ። ሻለቃው ክፉ ሰው አልነበረም፤ አየነው እንደነገረኝ ወረቀቱን ቆሞ አነበበና «ይሄ አስቀድሞ ቢደርሰኝ እዚሁ ላይ እፈርምበት ነበር። አሁን ከእጄ ወጥቷል» አለው።

ሲወጡ ሴትዮዋ ለምን እንደዘገየ ጠየቁ። አየነው ደብዳቤው ከዳሴ የወጣ ነው፣ ልጅቷ የጻፈችው እኔ እንዳዘዝኳት ነው፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ልጅዎ እስኪገኝ ድረስ በየዓመቱ እኔ እጽፍልዎታለሁ አላቸው። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን እንዳያነሣ ለምኜው ነበር። አላነሣም።

ልጅዓለም ከማሠልጠኛ አንድ ደብዳቤ ላከ። ከዚያ በኋላ ምንም የለም። ሞተ የሚል ወረቀትም አልመጣም።

አየነው ቃሉን እንዴት እንደጠበቀ ብናገር የሚያምነኝ ያንሳል። በየዓመቱ በግንቦት እማሆይ ሽምብራ በከረጢት ይዘው ይመጣሉ። መጀመሪያዎቹ ዓመታት ላይ ይቆጡታል፤ «ያጠፋኸውን ጻፍ» ይሉታል፣ ሰው እየሰማ። እሱ «እሺ እማማ» ብሎ እስክሪብቶውን ኪሱ ይከታል፤ ነገሩን በቃሉ የሚያውቀው ቢሆንም እንደ አዲስ ይሰማቸዋል። ሻለቃው ሄደ፣ መንግሥት ተለወጠ፣ ሌላ ሹም መጣ፣ እሱም ተቀየረ። አየነው ለእያንዳንዱ ጻፈ፤ ለወታደሩም ለሲቪሉም፣ እዚህ ላለውም አዲስ አበባ ላለውም። ሦስት መስመር፣ አንዳንዴ አራት። እኔ በታይፕ አወጣዋለሁ፣ እሱ አንብቦ ያሰማቸዋል፣ እማሆይ ዝም ይላሉ። ከጊዜ በኋላ ቁጣው በረደ። ከመነኮሱ ወዲህ ደግሞ ሲባርኩን እሱን አስቀድመው ነው፣ ከዚያ እኔን። እኔ ታይፑ ላይ አቀረቅራለሁ።

«ማንም አልመለሰላቸውም፤ እስከ መቼ ነው?» አልኩት አንድ ጊዜ።

«የአሜሪካው ጄኔራልም ሁሉን አልመለሰም» አለ። «ግን ደብዳቤዎቹ ተቀምጠዋል። ያቺ ሴት ባሏን እንዳጣች እኔ ዛሬ ቢቸና ላይ አውቃለሁ። የልጅዓለም ስም ያለበት ወረቀት በየዓመቱ አንድ ቦታ ይገባል። እኛም ቅጂውን እናስቀምጣለን።» ካርቦን የማይገባበት ወረቀት ጽፎ አያውቅም። ያ የበሰበሰ ካርቶን የዚህ ልማዱ ውጤት ነው።

መሥሪያ ቤቶች ሲደራጁ የእኔ መደብ ታጠፈ። ታይፕራይተሬን በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ አስረን፣ በደብረ ወርቅ በኩል አድርገን ወደ እሱ አገር ሞጣ ገባን። ሞጣ ላይ ከሃያ ዓመት በላይ አብረን ጻፍን። ከሥራችን ሁሉ የምወዳት አምስት መስመር የሆነች ደብዳቤ ናት፤ ከወሎ ተመድባ ለመጣች ነርስ የጻፍናት። እናቷ ታመውባት ዝውውር ትጠይቃለች። በእጇ የጻፈችው ሦስት ገጽ ይዛ መጣች፤ በመጀመሪያው ገጽ ሕገ መንግሥቱ ሁሉ ተጠቅሷል። አየነው ሰማትና እናቷ የት ከተማ እንዳሉ፣ ማን እንደሚያጥባቸው ብቻ ጠየቃት። የሚያጥባቸው እንደሌለ ስትናገር አለቀሰች። የመጀመሪያው መስመር እሱ ሆነ። በሳምንቱ ተፈቀደላት። በየበዓሉ እንኳን አደረሳችሁ እያለች እስካሁን ትደውላለች።

ኮምፒውተር ቤቶች ሲበዙ ወረፋው ከእኛ ዳስ ወደዚያ ዞረ። እነሱ ፎርም አላቸው፤ ስም ብቻ ይሞላል፣ አምስት ደቂቃ ነው። አየነው ሁለቱን ሦስቱን አንብቦ «ፊደሉ ያምራል» ብሎ መለሰላቸው። ጉልበቴም እንቢ ስላለ፣ ዐይኔም ስለደከመ ዳሱን ፈታነው።

እሱ ከሞተ ሦስተኛው ሳምንት ላይ፣ አርባው ገና ሳይወጣ፣ እማሆይ የሺ ሽምብራቸውን ይዘው መጡ። አልሰሙም ነበር። ስልክ ተቋርጦ ነበር፣ ተዘግቶ የቆየው መንገድም ከተከፈተ ገና ሁለት ቀኑ ነው። በሩ ላይ ጥቁሬን አይተው ከረጢቱን መሬት ላይ አስቀመጡ። ያለቀሱለት እንደ ወንድማቸው ነው። ስለ እሱ ደግነት ብዙ አሉ፤ ያጠፋውን አንድ ጥፋት በሠላሳ ምናምን ዓመት የካሰ ሰው የት ይገኛል አሉ። እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ ሰማሁ።

በማግሥቱ ጠዋት ሁለቱን ገጽ አመጣሁ። ዝናቡ አጣሞታል፣ ግን ይነበባል።

«እማሆይ፣ ይሄ የመጀመሪያው ማመልከቻዎ ነው። ጋሼ እንዲህ ጻፊ ብሎ አላዘዘኝም፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

«አንብቢልኝ» አሉ።

አነበብኩ። የሻለቃውን ጽናት፣ የሻለቃውን ርኅራኄ። ግማሽ ላይ እጃቸውን አነሡ።

«ልጄ የታለ?»

«ገጽ ሁለት ላይ ነው።»

«ይሄን እኔ አውቀዋለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «ሰሌዳው ላይ ነበር። ሰው ሲያነበው ሰምቼዋለሁ። የእኔ ነበር?»

«የእርስዎ ነበር። ቅዳሜ ሲነግሩኝ ሄጄ አየሁት።»

«እሑድስ?»

ይህን ጥያቄ ሕይወቴን ሙሉ ስፈራው ኖሬያለሁ። «እሑድ ቤቴ ነበርኩ» አልኩ። «የሻለቃውን ቤት አውቀው ነበር። አፈርኩና አልሄድኩም።»

መቋሚያቸውን ይዘው ተነሡ፤ ከግቢው ወጡ። ዕቃቸውን ጥለው ሄዱ መሰለኝ። ደጁን ዘግቼ መከተል አልደፈርኩም። ሰባት ሰዓት ገደማ አየነው ከተቀበረበት ከጊዮርጊስ ተመለሱ፤ አቧራው እስከ ጉልበታቸው ነው። የተቀመጥኩበት ነበርኩ።

«ያን ሁሉ ዓመት የተቆጣሁት ያልበደለኝን ሰው ነው» አሉ። «ይቅር እንዲለኝ ለእሱ ነግሬ መጣሁ። የአንቺን ገና አላውቀውም። ጊዜ ስጪኝ።»

«እሺ እማሆይ።»

«እስከዚያው ግን የዘንድሮው አይለፍ። ወረቀትሽን አምጪ። ከልጄ ስም ጀምሪ።»

እጄን ታጠብኩ። እስክሪብቶውን ከድኜ ኪሴ ከተትኩና አስቀድመው ይንገሩኝ አልኳቸው። ነገሩኝ። ልጅዓለም ግራኝ ነበር። እርሻ ላይ ሲያፏጭ በሬዎቹ ይቆሙለት ነበር። መኪናው ላይ ሆኖ ያውለበለበላቸው በግራ እጁ ነው። ይህን ሁሉ አየነው በየዓመቱ ሲሰማ ኖሯል፤ እኔ ታይፑ ላይ አቀርቅሬ አንዱንም አልሰማሁም። ሦስት መስመር ጻፍኩ፣ ፊታቸውን እያየሁ አነበብኩላቸው። ዝም አሉ።

አሁን ማክሰኞና ዓርብ ጠዋት በረንዳዬ ላይ እቀመጣለሁ። ጥቂት ሰዎች ይመጣሉ። ሰምቼ እጽፋለሁ፣ አንብቤ አሰማለሁ፣ ቅጂውን አዲስ ካርቶን ውስጥ አስቀምጣለሁ። በግንቦት የእማሆይን እጽፋለሁ።